ከችፑዱ ማዶ ያለው ወንድም

እስቲ ዛሬ ስለ አንድ እንግሊዝኛ አስተማሪ ልንገራችሁ።

ሰውየው አባቱ በተዉት ቤት ሰፊ ሳሎን ውስጥ ወንበር ደርድሮ፣ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅሎ፣ ከሥራ የሚወጡ ሰዎችን ያስተምራል። ሾፌር ይመጣል፣ ልብስ ሰፊ ይመጣል፣ የጥበቃ ሠራተኛ ይመጣል። ስሙ መርዕድ ነው፤ ከተማው ግን «ቲቸር» ነው የሚለው። ሌላ ቲቸር የለማ!

ይህ ሰው ሲራክ የሚባል ታናሽ ወንድም አለው። አባታቸው ሲሞቱ ሲራክ ገና ሕፃን ስለነበር ያሳደገው መርዕድ ነው። አጉርሶ፣ አልብሶ፣ እንግሊዝኛውንም ከኤ ቢ ሲ ጀምሮ ራሱ አስተምሮ ዩኒቨርሲቲ አስገባው። ተመርቆ ሲመለስም፣ «ና፣ በተራ በተራ እናስተምር» አለው። በደስታ ነው ያለው። ልብ በሉልኝ፣ በደስታ!

አንድ ቀን የሲራክ ተራ ሆነ። የዕለቱ ትምህርት ስለ መሰበር ነበር። ለዚህ እንግሊዝኛው ብዙ ቃል አለው፤ እኛስ ብንሆን? እንጨት ይፈለጣል፣ ጨርቅ ይቀደዳል፣ ገመድ ይበጠሳል፣ አይደለም እንዴ? መርዕድ እነዚህን ቃላት ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ሸምድዱ» ነበር የሚለው። ሲራክ ግን ዕቃ ተሸክሞ ገባ። ሸክላ ሳህን ቀስ ብሎ መታና ስንጥቁን እያሳየ «ክራክ!» አለ። አሮጌ ጨርቅ ቀደደና «ቴር!» አለ። ክር በጠሰና «ስናፕ!» አለ። በመጨረሻ ብርጭቆ ከፍ አድርጎ ለቀቀው። ብርጭቆው ሲሚንቶው ላይ ድቅቅ ሲል ክፍሉ በሙሉ «ሻተር!» ብሎ ጮኸ። ሾፌሩማ ከሳቁ ብዛት እንባውን ይጠርጋል።

መርዕድ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። አልሳቀም።

ሾፌሩ ሲወጣ ጠጋ ብሎ፣ «ቲቸር፣ አይቀየሙኝና እኔን በሲራክ ቀን ያድርጉኝ» አለው።

«ምን ቸገረኝ» አለ መርዕድ። ራት ላይ ሚስቱ ፀዳለ፣ «ያንተ ፍሬ አይደል? ደስ ይበልህ እንጂ» ብትለው፣ «ደስ ብሎኛል» አላት። ራቱን ግን ሳይጨርስ ተነሳ።

ወገኖቼ፣ ቅናት ለሩቅ ሰው እንደማይሆን አስተውላችኋል? የማናውቀው ሰው ፎቅ ቢደረድር ምን አገባን? አብሮን ያደገው ሰው አንድ ክፍል ሰው ሲያስቅ ግን ሆዳችን ይነድዳል።

የመርዕድም ሆድ ነደደ። በሌላ ቀን ሌላ ተማሪ መጣ፤ «በሲራክ ቀን ያድርጉኝ።» ሌላም መጣ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት እናት እጁን ይዘው፣ «ሲራክን ጌታ ይባርክልህ» ሲሉት አሜን ማለት አቃተው። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ! አጉርሼ ያሳደግሁት እኔ! ይህንኑ እያመላለሰ ከረመ። አንድ ጠዋት ሲራክን ጠራው።

«እንካፈል» አለው።

«ምኑን ጋሼ?»

«ቤቱን። ሳሎኑን። አንተም በግማሽህ፣ እኔም በግማሼ።»

ሲራክ ደነገጠ። «ምን በደልኩህ?»

«ምንም አልበደልከኝም። ሁሉም ነገር መልክ ይኑረው ብዬ ነው።»

መልክ ይኑረው! ቅናት በገዛ ስሙ ገብቶ አያውቅም። አንዱ ቤት «መብቴ ነው» ይላል፣ ሌላው ቤት «ለሥርዓት ነው» ይላል።

አናጢ መጣ። ሳሎኑ መሃል ለመሃል በችፑድ ግድግዳ ተከፈለ። ከወዲያ ሲራክ፣ ከወዲህ መርዕድ። የመርዕድ ወንበሮች ግን እያደር ባዶ ሆኑ፤ አንድ ቀን ጭራሹን ማንም አልመጣም። ምን አደረገ መሰላችሁ? ወንበሩን አስጠግቶ ጆሮውን ችፑዱ ላይ ለጠፈ።

ከማዶ ልብስ ሰፊዋ ስትጠይቅ ሰማ። «ቲቸር ሲራክ፣ ‹ተካፈሉ› ሲባል በእንግሊዝኛ ዲቫይድ ነው ወይስ ሼር?»

 

«እንግሊዝኛው ሁለት ቃል አለው» አለ ሲራክ። «በእኛ ግን ሰዎች ተጣልተው ንብረት ሲለያዩም ተካፈሉ ነው፣ ተዋድደው አብረው ሲበሉም ተካፈሉ ነው። ልጅ ሆኜ ይህንኑ ወንድሜን ጠይቄው ነበር። ብርቱካን ላጠና ለሁለት ከፈለው፤ ‹ብርቱካኑን ዲቫይድ አደረግሁት፤ አንተና እኔ ግን ሼር አደረግነው› ብሎ ግማሹን ሰጠኝ። ዕቃ እየያዝኩ የማስተምረው ከእሱ ተምሬ ነው። ከእኔ እሱ ይሻላችኋል፤ ሂዱና እሱን ጠይቁት።»

ወንበሮች ተንቋቁ። ተማሪዎቹ ዞረው መጥተው የመርዕድን በር አንኳኩ።

ወዲያው የከፈተ መሰላችሁ? አልከፈተም! «አዝኖልኝ ነው፤ ሊያሳንሰኝ ነው» አለ በልቡ። ቅናት በጎነትንም ስድብ ያደርገዋል። ተማሪዎቹ ጠብቀው ጠብቀው ሄዱ። መርዕድ ያንን ብርቱካን ረስቶት ነበር። ታናሽ ወንድሙ ላይ የቀናበት ነገር፣ የገዛ እጁ ሥራ ነበር።

ያን ዕለት ሳይሆን በሦስተኛው ቀን፣ ሲራክ ክፍሉን ሲጠርግ መርዕድ ገባና ቆመ። ብዙ ሊናገር አስቦ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ወጣው።

«ቀናሁብህ» አለ።

ሲራክ መጥረጊያውን አስቀመጠ። «አውቃለሁ ጋሼ። እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት።»

አንገት ለአንገት ተቃቀፉ። ችፑዱን ያን ቀን አላፈረሱትም፤ አናጢው ሲመች መጥቶ አነሳው። ሾፌሩም እስከ መጨረሻው በሲራክ ቀን ነው የተማረው። መርዕድን አንዳንዴ ቅናቱ ይቆጠቁጠዋል፤ ሲቆጠቁጠው ግን አሁን ለወንድሙ ይነግረዋል።

እናንተስ? ከማን ጋር ነው ችፑድ ያቆማችሁት? ከእህታችሁ ጋር ነው? ከሥራ ባልደረባችሁ ጋር? እዚሁ አጠገባችሁ ከተቀመጠው ሰው ጋር? ምን ብላችሁ ነው ያቆማችሁት? «ለሥርዓት ነው» ብላችሁ? ስሙን ጥሩት! «ቅር ብሎኛል» አትበሉ፤ «ተበድያለሁ» አትበሉ። ቀንታችሁ ከሆነ ቀናሁ በሉ።

ያ ሰው የማያውቅ እንዳይመስላችሁ። ያውቃል። ከችፑዱ ማዶ ሆኖ እየጠበቃችሁ ነው።