ወፍራሟ ርሳስና ሦስቱ አፈሙዞች

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። በሕይወቴ እምላለሁ፤ ከማወራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ እዚሁ በተቀመጥኩበት ድርቅ ልበል።

ድሮ፣ ተራሮች ገና እንቁላል ሳያክሉ፣ ሐይቅ ዳር አያ ጃርት የሚባል ጠመንጃ ሠሪ ነበር። የእሱ ጠመንጃ ባሩድ አያውቅም፤ የሚተኩሰው በታመቀ አየር ነው። ድምፁ እንጥሻ ይመስላል፤ እንጥሻው ግን የሰባት አገር ዝንብ ያባርራል! አፈሙዙን የሚወለውለው በገዛ እሾሁ ነበር።

እሱ ዘንድ አንዲት ወፍራም የርሳስ ጥይት ነበረች። እህቶቿ ወገበ ቀጭን ናቸው፤ በየትም አፈሙዝ ገብተው ይበራሉ። እሷ ግን ከላይ እስከ ታች ድፍን፣ ግንድ የመሰለች። በተተኮሰች ቁጥር ትስታለች። እመት ሻላ፣ ያቺ ምንቃሯ ጆንያ የሚያህል ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

«አያ ጃርት፣ አቅልጠህ ስጠኝ እንጂ! ለመረቤ ማስጠሚያ ትሆነኛለች።»

«ጀንበር ሳትጠልቅ እዚያ ጉቶ ላይ ያለውን ጣሳ ካልመታች ውሰጃት» አለ ጃርት።

ርሳሷ ጮኸች፤ «ወይኔ! ከዓሣ ጋር ልኖር? አፈሙዜን ራሴ ልምረጥ!»

በመጀመሪያ ከሦስቱ አፈሙዞች በብር ያጌጠውን መረጠች። «ግቢ እመቤቴ፣ ቤቴ ሰፊ ነው» አላት። ሰፊስ ሰፊ ነበር! ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋች ወጥታ በስተግራ ጭቃ ውስጥ ተሰነቀረች።

«አልነካችኝም!» አለ ጣሳው።

ቀጥላ ጠባቡን መረጠች። «እኔ የያዝኩትን አጥብቄ ነው» አላት። አጠበቀ፣ አጠበቀ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጭራሽ አነቃት። ቆዳዋ ተልጦ፣ ተጣማ ወጣችና በስተቀኝ ዛፍ ላይ ተለጠፈች።

«አልነካችኝም!»

«እሳቱን ላንድድ?» አለች እመት ሻላ።

ጃርት ርሳሷን ለቅሞ በመዶሻ አቃናት። እሷም ብልጥ ሆነች። «ሳትተኩሰኝ በፊት በእሾህህ ቀስ እያልክ ግፋኝ» አለችው። ሦስተኛው አፈሙዝ ውስጥ ገፋት፤ አልተላጋችም፣ አልታነቀችም። «በልኬ የተሰፋ ቀሚስ!» አለች። ተኮሳት። ጣሳውን በፀጉር ስፋት ስታ በላዩ አለፈች።

«አንተ ስትተኩስ ትንቀጠቀጣለህ!» አለችው አፈሙዙን፣ ጃርት ለቅሞ ሲያመጣት።

«ማን? እኔ? ነፋሱ ነው።»

«ተኝቻለሁ፣ ስሜን አታንሱ!» አለ ነፋስ ከዛፍ ሥር።

ጀንበር ማዘቅዘቅ ጀመረች። ርሳሷ ድንጋይ ላይ የምታንቀላፋውን ቀንድ አውጣ ለመነች። «እማማ፣ እባክዎ እዚህ ፈሪ አፈሙዝ ላይ ይቀመጡልኝ፤ ክብደትዎ ያረጋጋው ይሆናል።»

እማማ ቀንድ አውጣ ጫፉ ላይ ወጡ። ጃርት ተኮሰ። ከጣሳው በታች!

«ኧረ ሆዴን ኮረኮረኝ!» ብለው ትንሽ ወደ ኋላ አሉ። ተኮሰ። የጣሳውን ጥግ ታክካ አለፈች።

«አሁንም ይኮረኩረኛል፣ ባለጌ!» ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ አሉ። እዚያ ጋ ተመቻቸው። «እሰይ፣ እዚህስ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

«እንዳይነቃነቁ!» አለች ርሳሷ። ጃርት ቃታውን ሳበ። ጧ! የጣሳው መሐል ተበሳ።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ እህቴ» አለ ጣሳው።

«መረቤስ?» ብላ አለቀሰች እመት ሻላ።

«ያንን ባለ ብሩን አፈሙዝ ውሰጂ» አላት ጃርት፤ «ከመስጠም ሌላ የሚሆነው ነገር የለም።»

እንግዲህ ልጆቼ፣ አንዱ ሲስት አይታችሁ ከመስደባችሁ በፊት ያስገባችሁበት ቤት ልኩ መሆኑን እዩ፤ ልኩ ከሆነም የቤቱን መንቀጥቀጥ አስቁሙ።

እርግጥ አንዲት ትንሽ ነገር ፈጥሬያለሁ። ጣሳው ሲበሳ «እንኳን ደስ አለሽ» አላለም። ያለውን ግን እናቶቻችሁ በተቀመጡበት አልደግመውም።