እትዬ ጌጤነሽ፣ ቦኖውና የእድሩ ጥሩምባ

ተረት ተረት ልበላችሁ? የላም በረት አትበሉኝ። በእኛ ሰፈር ላምም በረትም የለም። ያለው ቦኖ ነው፣ እሱም ደርቋል።

ገደል ጫፍ በሚባለው ሰፈራችን ቦኖው ከተሰበረ ሰነባብቷል። እትዬ ጌጤነሽ ቤት ደግሞ ልጃቸው ወልዳ ተኝታለች። ውሃ ያለው ታች ምንጩ ጋ ነው፣ የእትዬ ጌጤ ጉልበት ግን ዳገቱን እንቢ ካለ ቆየ። የፈለጉት አንድ ጀሪካን ውሃ ነው፣ አራሷንና ጨቅላውን የሚያጥቡበት። ሌላ ምንም አልፈለጉም።

ጀሪካናቸውን ይዘው ቧንቧ ሠራተኛው መርዕድ ዘንድ ሄዱ። «ልጄ፣ ቦኖውን ጠግንልን።»

«ውሃ ቢሮው ሳያዘኝ አልነካም፣ እትዬ» አላቸው ምሳውን እየበላ። ቦኖው አይፈስም፣ መርዕድ አይጠግንም።

ውሃ ቢሮ ሄዱ። ተቀመጡ ያላቸው የለም። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል «ቀበሌው ካልጠየቀን አናዝም፣ እማማ» አለች። ቦኖው አይፈስም፣ መርዕድ አይጠግንም፣ ቢሮው አያዝም።

ቀበሌ ሄዱ። ሊቀመንበሩ ገበያው አዛጋ። «ነዋሪው ተሰብስቦ ካልወሰነ አልጠይቅም። ስብሰባ ስጠራ ደግሞ የሚመጣው ዘበኛው ብቻ ነው።» እውነቱን ነው፣ ማን ይሄዳል? ቦኖው አይፈስም፣ መርዕድ አይጠግንም፣ ቢሮው አያዝም፣ ገበያው አይጠይቅም።

እትዬ ጌጤ ጉልበታቸውን እያሹ ቤት ለቤት ዞሩ። «ስብሰባ ሰልችቶናል» አለ ነዋሪው። «እኛ የምንወጣው የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ነው።» ቦኖው አይፈስም፣ መርዕድ አይጠግንም፣ ቢሮው አያዝም፣ ገበያው አይጠይቅም፣ ነዋሪው አይሰበሰብም።

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ሞላልኝ ናቸው። «ጥሩምባዬ ለሞት እንጂ ለቧንቧ አይነፋም» አሉ። «ማን ሞተ?»

«ገና ማንም።»

«እንግዲያው ይሂዱ፣ እትዬ ጌጤ።»

ቦኖው አይፈስም፣ መርዕድ አይጠግንም፣ ቢሮው አያዝም፣ ገበያው አይጠይቅም፣ ነዋሪው አይሰበሰብም፣ ጋሽ ሞላልኝ አይነፉም። እኔ ማውራቱ ደከመኝ። እሳቸው ግን በእግራቸው ነው የዞሩት።

እትዬ ጌጤ ደጃፉ ላይ ጀሪካናቸውን ገልብጠው ተቀመጡበት።

«አልሄድም። እዚሁ እሞታለሁ፣ ያኔ ይነፋሉ። ግን ጋሼ፣ ሬሳዬን በምን ውሃ ያጥቡታል? ንፍሮውስ በምን ይቀቀላል? ቀባሪው ሲመለስ እጁን በምን ይታጠባል?»

ጋሽ ሞላልኝ ዞር ብለው ግድግዳው ሥር የተደፉትን የእድሩን ድስቶች አዩ። ሞት መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።

«ይሄማ የእድር ጉዳይ ነው» አሉና ጥሩምባውን ከምስማሩ አወረዱ።

ነፉ። ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። «ማን ሞተ? ማን ሞተ?»

«ማንም» አሉ ጋሽ ሞላልኝ። «ግን ዛሬ ማታ የሚሞት ቢኖር የምናጥብበት የለንም። ማን ቀድሞ ይሞታል?»

ሰው አጉረመረመ፣ ተናደደም። ግን በጥሩምባ የወጣ ሰው ሳይቀብር መመለስ አይሆንለትም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ሴት ቤቷ ገብታ ጀሪካኗን ይዛ ወጣች። ሌላውም ተከተላት። እንደ ለቀስተኛ ቀስ ብለው ቀበሌውን ሞሉት። ገበያው ማዛጋቱን ተወ።

ጋሽ ሞላልኝ ነፉ፣ ነዋሪው ተሰበሰበ፣ ገበያው ጠየቀ፣ ቢሮው አዘዘ፣ መርዕድ ጠገነ፣ ቦኖው ፈሰሰ።

ቀድመው የቀዱት እትዬ ጌጤ ናቸው፣ ማንም አልተጋፋቸውም። ጀሪካኑንም ጎረቤት ተሸከመላቸው። ከኋላ አንዱ «የመንገዱ መብራትስ፣ እትዬ?» አለ።

«እሱን እናንተ ዙሩበት» አሉ ሳይዞሩ። «ጥሩምባው የት እንደሚሰቀል ታውቃላችሁ። እኔ ልጄን ላጥብ።»

ተረቴ አለቀ። አፌን በዳቦ አታብሱልኝ፣ ከቦኖው አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃኛል።