አረንጓዴው በርና የዴሊያ ስም

አንድ ስመ ጥር አሜሪካዊ ደራሲ ጎረቤቱ የነበረችውን ልብስ ሰፊ በደላት። በዱላ አይደለም፤ በመጽሐፍ።

ልብስ ሰፊዋ ዴሊያ ትባላለች። ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ አንድ እግሯን የምታነክስ፣ በሯን አረንጓዴ የቀባች ሴት ናት። ደራሲው በወጣትነቱ ዝና ፍለጋ ወደ ትልቅ ከተማ ሄደ። በዚያው ዓመት በረዶ መንገዱን ዘጋና እዚያው ከተማ የቀሩት እናቱ ማገዶ አለቀባቸው። ዴሊያ የገዛ አጥሯን ነቅላ አነደደችላቸው። እናትየዋም በሕይወት ቆይተው በረዶው ሲቀልጥ አዩ።

ከዓመታት በኋላ የደራሲው መጽሐፍ ወጣ። በውስጡ ስስታሟ ፐርል የምትባል ልብስ ሰፊ አለች፤ አሮጊት ጎረቤቷ በብርድ ሲሞቱ ማገዶዋን ቆልፋ የምትቀመጥ። ደራሲው ብልህ ነኝ ብሎ የሴትዮዋን ስም ቀየረ። ማንከሷን፣ መርፌዋን፣ አረንጓዴ በሯን ግን እንዳለ ተወው። ደራሲዎች እንዲህ ናቸው፤ ስም ከቀየሩ ሰው የደበቁ ይመስላቸዋል።

አገሩ ሁሉ መጽሐፉን አነበበው፤ ትምህርት ቤቶችም አስተማሩት። እንግዶች ከሩቅ እየመጡ አረንጓዴው በር ፊት ፎቶ ይነሱ ጀመር። የከተማዋ ልጆች ዴሊያን ባዩ ቁጥር «ፐርል፣ እስቲ አንድ ፍልጥ አበድሪን!» እያሉ ይጮኹባታል። እውነቱን የሚያውቁት ጎረቤቶች ዝም አሉ፤ እንግዳ ገበያ ያመጣላ! ዴሊያም የበሩን ቀለም አልቀየረችም። «ምን ሰርቄ ነው የምደበቀው?» ትላለች።

በዚያ አገር የባልና ሚስት ስም በአንድ የመቃብር ድንጋይ ይቀረጻል፤ በሕይወት ለቀረው፣ ለሚሞትበት ዓመት ብቻ ባዶ ቦታ ይተውለታል። የዴሊያም ስም ከባሏ ስም ጎን ሆኖ ይጠብቃታል። ስታረጅ የከተማዋ ሹማምንት መከሩና ያንን ድንጋይ አንስተው «ስስታሟ ፐርል እዚህ አርፋለች» የሚል እብነ በረድ ሊተክሉ አሰቡ። እሷ ካልፈቀደች ግን አይሆንም። ስለዚህ ሽበት የወረሰውን ደራሲ ላኩባት።

ደራሲው ቤቷ ገብቶ ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ።

«ዴሊያ፣ አልደከመሽም?»

«መስፋቱ ነው ወይስ አንተን ማየቱ?»

ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴን ከብርድ ያዳንሻት አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው እሱን ሳትጽፈው?»

«ከደግ ሴት ታሪክ አይወጣም፤ ማን ያነባታል? እኔ እኮ ዘላለማዊ አደረግኩሽ! አንቺ ብትሞቺ ፐርል አትሞትም። ስሟ መቃብርሽ ላይ ይቀመጥ፤ ሰው አበባ ያመጣልሻል።»

«ለእኔ?»



የተደረገ ይረሳል፤ የተጻፈ ይኖራል። ብዕር የያዘ ሰው ባለውለታውን ሲበድል በደሉ ከእሱም ዕድሜ ይረዝማል። እኛስ ብንሆን? ስንቱን ጎረቤት በወሬያችን ፐርል አድርገነው ይሆን? ለዚህማ መጽሐፍ መጻፍም አያሻም፤ ምላስ ይበቃል።

ዴሊያ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ቀና ብላ አየችው። እንዲህም አለችው፦

«እግሬን ወሰድክ፣ በሬን ወሰድክ፣ ደግነቴን ወሰድክ። አይጠቅመኝም ብለህ የተውክልኝ ስሜን ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ለመቃብሬ እፈልገዋለሁ።»