ከጭስ ወደ ጉድጓድ የወረደው ዘር

አንድ በጣም ተጠራጣሪ ገበሬ ነበር። ስሙ አሊጋዝ ይባላል፤ የሚኖረውም ማሽላ በሚበቅልበት ቆላ መንደር ነው። ሰው ሰላም ሲለው እንኳ "ምን ፈልጎ ይሆን?" ብሎ የሚያስብ ሰው ነበር። "ከብትህ ስንት ደረሰ?" ብሎ የጠየቀውን "ኧረ ምን ከብት አለኝና!" ብሎ ይመልሰዋል፤ ይህን ሲል ላሞቹ ከኋላው እምቧ እያሉ ነው።

አትፍረዱበት። በመንደሩ እንዲህ ያለው እሱ ብቻ አይደለም። የዚያ አገር ሰው እህሉን አሳንሶ መናገር የሚለምደው ገና በልጅነቱ ነው። ያለውን የሚያወራ ሰው ወይ ዓይን ይበላዋል፣ ወይ ግብር ይጨመርበታል ሲባል ሰምቶ ነው የሚያድገው። ደግሞም አንድ ዓመት ፍየል ሊቆጥሩ የመጡ ሰዎች "ለክትባት ነው" ብለው ነበር። ክትባቱ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ፤ መዋጮው ግን በፍየሉ ልክ ተሰልቶ መጣ። አሊጋዝ ከዚያ ወዲህ ወረቀት የያዘ ሰው ሲያይ በጓሮ በር መውጣት ጀመረ።

ወደዚህ መንደር አንድ የዘር ፕሮጀክት ገባ። ዓላማው ገበሬው አንድ ዓይነት እህል ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ነው፤ ዝናብ ቢዘገይም ቢያጥርም የሚደርስለት የተለያየ ዘር እንዲኖረው። ፕሮጀክቱ ነጭ ማሽላና ማሾ የሚባል ጥራጥሬ አከፋፈለ። ነጩ ማሽላ ዝናቡ ካማረ ጥሩ ይሰጣል፤ ሰዉም ወደደው።

መንደሩ ግን የራሱም ዘር ነበረው። ከሁሉም የምትበልጠው "ድረሽልኝ" የምትባለዋ ቀይ ማሽላ ናት። አጭር ናት፣ ራሷም ትንሽ ነው፣ ለዓይን አትሞላም። በደህና ዓመት የሚያስታውሳት የለም። ዝናቡ ዘግይቶ ሐምሌ ላይ ሲጀምር ግን ሌላው ሁሉ ሲቀር እሷ ትደርሳለች። ይህችን ዘር ሳትቋረጥ ያቆየችው የአሊጋዝ ሚስት ከድጃ ናት። በየዓመቱ ደህና ደህናውን ራስ መርጣ፣ በልጥ አስራ፣ ከምድጃው በላይ ጣሪያው ላይ ትሰቅለዋለች። ጭሱ ያደርቀዋል፤ ነቀዝም አይደፍረውም። በክፉ ዓመት መንደሩ ሁሉ የሚዘራው ከከድጃ ጣሪያ እየወሰደ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ አንድ ወሬ መጣ። ፕሮጀክቱን የሚገመግም ሰው ከከተማ ሊመጣ ነው፤ ቤት ለቤት እየዞረ ማን ምን ዓይነት ዘር እንዳለው ያያል ተባለ። አሊጋዝ ይህን ሲሰማ ነገሩ አልጣመውም። ከጁምዓ ሶላት ሲወጡ ሰዎቹን አስቁሞ አናገራቸው።

"እስቲ ንገሩኝ፤ አገር አቋርጦ መጥቶ የኔን ጣሪያ የሚያይ ሰው ለኔ አዝኖ ነው?"

"የሰጡንን ዘር ሊያይ ይሆናላ" አለ ጎረቤቱ ይማም።

"የሰጡንን መቼ አጡት? ራሳቸው አይደሉም እንዴ የሰጡን? የሚፈልጉት ያልሰጡንን ነው።"

ይህች አነጋገር የሰው ልብ ውስጥ ገባች። አንዱ ተነስቶ "የኛን ዘር ወስደው በላስቲክ አሽገው መልሰው ይሸጡልናል አሉ" አለ። ማን እንዳለ የጠየቀው የለም። ሌላው ደግሞ "የራሳችን ዘር እንዳለን ካዩ 'እነዚህማ ምን ጎደላቸው' ብለው ነጩን ያቋርጡብናል" አለ። ይሄኛው ሁሉንም አስማማ። ነጩን ማሽላ ብቻ እናሳይ፣ ፕሮጀክቱን እናመስግን፣ የራሳችን ዘር ግን ይሰወር ተባለና ተበተኑ።

አሊጋዝ ቤቱ ገብቶ ወደ ጣሪያው ቀና አለ።

"አውርጂው" አላት ከድጃን።

"ምኑን?"

"ዘሩን። ጓሮ ያለችው ጉድጓድ ባዶ ናት፤ እዚያ እንክተተው።"

ከድጃ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "አንተ ሰውዬ፣ ጤናም የለህ? ጉድጓድ የሚገባው የምንበላው ነው። የሚዘራ ዘር መሬት ውስጥ ታፍኖ ከርሞ ይበቅላል?"

"ማን ይክረም አለ? ሰውየው መጥቶ እስኪሄድ ነው።"

"እኔ አልወደድኩትም። ለምን አንጠይቀውም? 'ምን ልታደርጉበት ነው?' ብንለው ምን እንሆናለን?"

"ሊዋሽ የመጣ ሰው ስለጠየቅሽው እውነቱን ይነግርሻል?"

ከድጃ ዘሩን እያወረደች ታቀብለው ጀመር፤ ፊቷ ግን ጠቁሮ ነበር። ጉድጓድ የገባ ማሽላ ይሞቃል፣ ይታፈናል። ሲበሉት ደህና ነው፤ ሲዘሩት ግን ነፍስ የለውም። ይህን አሊጋዝ ከማንም በላይ ያውቃል። እያወቀ ዘሩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ አወረደው፤ የጉድጓዷንም አፍ በድንጋይና በጭቃ መረገው። ጎረቤቶቹም የየራሳቸውን እንዲሁ አደረጉ።

አሊጋዝ የጠበቀው አንድ ወፍራም ኮስታራ ሰውዬ ነበር። የመጣችው ግን አስካለ የምትባል ቀጭን ሴት ናት፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ስታወራም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። አሊጋዝ በዚህ ይባስ ጠረጠረ። እንድንራራ ብለው ነው ሴት የላኩብን፣ አለ በሆዱ።

አስካለ ቤት ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

"አባቴ፣ ምን ምን ዘር አለዎት?"

"ነጩ ማሽላ ነዋ። አላህ ይስጣችሁ፤ እሱ ባይኖር አልቆልን ነበር።"

"ከእሱ በፊት ትዘሩት የነበረውስ?"

"ጠፋ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

አስካለ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ጣሪያው በጥላሸት ጥቁር ብሏል። ከምድጃው በላይ ግን ዘሩ ተሰቅሎበት የነበረው እንጨት በመደዳ ነጣ ነጣ ብሎ ይታያል፤ አንድ የተበጠሰ ልጥም ተንጠልጥሏል። አሊጋዝ ዓይኗን ተከትሎ ቀና አለና ቶሎ ብሎ ወደ በሩ ዞረ። ከድጃ ድስት ታማስል ጀመር፤ ድስቱ ባዶ ነበር።

"ሌላ የሚነግሩኝ ነገር የለም?" አለች አስካለ።

"የለም።"

"እኔንስ የሚጠይቁኝ?"

አሊጋዝ ጥያቄ ሞልቶበታል። ማን ላከሽ? ዘሩን ብታይ ምን ልታደርጊበት ነው? ብንደብቅሽስ ምን ይቀርብናል? ከድጃ ማማሰሏን ትታ ባሏን አየችው።

"ምን እጠይቅሻለሁ፣ ልጄ" አለ በመጨረሻ።

"እንግዲህ የነገሩኝን ነው የምጽፈው።" ተነስታ አቧራዋን አራገፈች። "ምናልባት ከመዝሪያው በፊት ሌላ ሰው ይመጣ ይሆናል" ብላ ወጣች።

መኪናዋ ከዓይን ስትሰወር የአሊጋዝ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ከድጃ ወዲያው ዶማ ይዛ ወደ ጓሮ ስትሄድ ግን መንገድ ዘጋባት።

"ምን ልታደርጊ ነው? ሌላ ሰው ይመጣል ስትል አልሰማሽም? ዋናው እሱ ነው። እሷን ያስቀደሟት እንድንዘናጋ ነው።"

ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ፤ የመጣ ሰው የለም። ከድጃ "አሁንስ?" ባለች ቁጥር አሊጋዝ ምክንያት አያጣም። አንዴ መንገድ ላይ አቧራ ታየ ይላል፤ አንዴ ገበያ ላይ የማላውቀው ሰው ማሽላ ሲጠይቅ ሰማሁ ይላል። ሰው ሲጠራጠር ለዚያ የሚሆን ማስረጃ መቼም አይቸግረውም።

አስካለ የጻፈችው ወደ አለቆቿ ደረሰ። የዚያ መንደር ሰው ነጩን ማሽላ በጣም ወዶታል፣ የቀድሞ ዘሩም ፈጽሞ ጠፍቷል ይላል። አለቆቿ ደስ አላቸው፤ መመስገን የሚጠላ ማን አለ? ነጩን ማሽላ እጥፍ አድርገው ላኩ። መንደሩ ፈነጠዘ፤ አሊጋዝም "አላልኳችሁም?" እያለ ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ።

ግንቦት ላይ ሁሉም ነጩን ዘራ፤ እሱ ስለበዛለትም ጉድጓዱን ለመክፈት የቸኮለ አልነበረም። በቀለ፣ ጉልበት ድረስ ሆነ፤ ከዚያ ሰማዩ ዘጋ። ሰኔ ሙሉ ጠብታ አልወረደም። ማሽላው ቅጠሉን ጠቅልሎ ትንሽ ታገሰና ባለበት ደረቀ። ዝናቡ የመጣው ሐምሌ ተጋምሶ ነው። ያን ጊዜ ተዘርታ የምትደርስ ድረሽልኝ ብቻ ናት። መንደሩ በሙሉ ቅልና ጣሳውን ይዞ ከድጃ በር ላይ ቆመ።

አሊጋዝ ጉድጓዷን በገዛ እጁ ከፈተ። የታመቀ ሙቅ ሽታ ወጥቶ ፊቱን መታው። ከላይ ያለው ራስ ጠቁሯል፣ ሻግቷል። ከታች ያለው ግን ለዓይን ደህና ይመስላል። ይማም አንዷን ፍሬ በጥርሱ ከነከሰ በኋላ "ደህና ነው፣ ይበቅላል" አለ። ሌላ መልስ መስማት የፈለገ አልነበረም። ተከፋፍለው ወደየማሳቸው ሄዱ። ከድጃ ብቻ የጉድጓዷ አፍ ላይ ተቀምጣ ቀረች።

ዝናቡ ዘነበ። ማሳው አረንጓዴ ሆነ፤ አረንጓዴው ግን አረም ነው። አሊጋዝ አንድ ጠዋት ማሳው ላይ ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ጫረ። ፍሬዋን አገኛት። ጫን ቢላት እንደ ሊጥ ፈረጠች። አለፍ ብሎ ሌላ ጫረ፤ እሷም እንደዚያው። ቤቱ ተመልሶ የፈረጠችውን ፍሬ ለከድጃ አሳያት። ከእናቷ የተቀበለችው፣ እናቷም ከእናቷ የተቀበለችው ዘር እሷ እጅ ላይ አለቀ። አለቀሰች። እሱም አጠገቧ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ማንም አልወሰደበትም፣ የቀበረው ራሱ ነው። ያን ዓመት መንደሩ የከረመው በእርዳታ እህል ነበር።

አዝመራው ካለፈ በኋላ አሊጋዝ አንድ ነገር ሰማ። ከወንዙ ማዶ ባለው መንደር የዘር ቤት ተሠርቷል፤ በየዓይነቱ የአገር ማሽላ ተቀምጦበታል፣ ዘር ያለቀበት ሰው ይበደራል፣ ሲያመርት ይመልሳል አሉት። ምናልባት ድረሽልኝ እዚያ ትኖር ይሆናል ብሎ ዱላውን ይዞ ወረደ። ዘር የተቀመጠበትን እንስራ ሁሉ አንድ በአንድ እየከፈተ አየ። ቀይ ማሽላ አለ፤ እሷ ግን አይደለችም። የመጨረሻውን እንስራ ሲከድን አስካለ በር ላይ ቆማለች። አወቀችው። እሱም አወቃት።

ዓመት ሙሉ ሳይጠይቅ ያቆየውን ያን ጊዜ ጠየቀ።

"ልጄ፣ አምና ለምን ነበር የመጣሽው?"

"ይህን ቤት የት እንደምንሠራው ልንመርጥ ነበር። ብዙ የራሱ ዘር ያለው መንደር እንዲሆን ተብሎ ነበር።"

አሊጋዝ ዱላውን ተደግፎ "ጣሪያውን አይተሽዋል" አላት።

"አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽኝ?"

አስካለ አንገቷን ደፋች። "እርዳታ እንዳይቀርባቸው ነው የሚዋሹኝ ብዬ ጠረጠርኩ። ተናደድኩ። እንዲህማ ከሆነ የዋሹኝን ልጻፍላቸው ብዬ ጽፌ ሄድኩ።" ቀና ብላ አየችው። "እርስዎስ ለምን አልጠየቁኝም?"

"ትዋሺኛለሽ ብዬ።"

አስካለ ብዕሯን አወጣችና ጣሪያው ላይ የነበረችውን ዘር ስም ጠየቀችው። አሊጋዝ ነገራት። ቁመቷን፣ የፍሬዋን ቅላት፣ እንጀራዋ እንዴት እንደሚለሰልስ፣ ዘግይቶ በመጣ ዝናብ እንዴት እንደምትሮጥ ነገራት። በዕድሜው ሙሉ ወረቀት ለያዘ ሰው ምንም ሳያሳንስ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነው። እሷም አንድም ሳታስቀር ጻፈች።

"ለዘር የሚሆን ትንሽ ይኖርዎታል?" አለችው ስትጨርስ።

አሊጋዝ ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳያት። ምንም የለበትም።

ይህን ታሪክ ሰምቶ "መጠርጠር ክፉ ነው" የሚል ሰው ካለ አልገባውም። አሊጋዝ ከዚያ በፊት ተታሏል፤ ቢጠረጥር እውነት አለው። አስካለም እየዋሿት ነበርና ብትጠረጥር እውነት አላት። ያጠፋቸው ሁለቱም ጥርጣሬያቸውን አቅፈው ዝም ማለታቸው ነው። እሱ ሳይጠይቅ ደበቀ፤ እሷ ሳትጠይቅ ፈረደች። ስለዚህ የጠረጠራችሁትን ጠይቁት፤ መልሱ ካላረካችሁ ደግማችሁ ጠይቁት። ቢዋሻችሁ እንኳ መዋሸቱን ታውቃላችሁ፤ ያ ቀላል ነገር አይደለም። ዝም ብላችሁ ከሸሸጋችሁ ግን የሚጎዳችሁ እሱ ይሁን ወይስ እናንተው ራሳችሁ ሳይለይ ጊዜው ያልፍባችኋል።

እስቲ አሁን እናንተ የምትጠረጥሩትን አንድ ሰው አስቡት። ፊት ለፊት ምን ብላችሁ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?