ጋኔኑ የት ይደር?

በዚህ ታሪክ መጨረሻ የምትሰሙትን አባባል በነገር መሐል ጣል የምናደርግ ብዙዎች ነን። መነሻውን ብትጠይቁ ግን የወይናምባ ሰዎች ዛሬም ወሬ ይለውጣሉ፤ የተነገረው በእነሱ ላይ ነውና።

በወይናምባ ይርገዱ የምትባል የሸማኔው የቸኮል ሚስት ነበረች። ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ታመመች። እህል አይወርድላትም፤ የገዛ ልጇን አታውቃትም፤ ሲነሣባት በጎርናና የወንድ ድምፅ «የዚህ ቤት ጌታ እኔ ነኝ!» ብላ ትጮኻለች። ቸኮል በየጠንቋዩ ደጅ ዶሮውንም በጉንም ከጨረሰ በኋላ መምሬ ጥዑመ ልሳን እግር ላይ ወደቀ። መምሬ ሰባት ቀን ጠበል አጠመቋት። በሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ መንደርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ መስቀላቸውን ከግንባሯ አስደግፈው «በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ ውጣ!» አሉ።

«ወጣሁ! ዳግመኛ አልመለስም!» ብሎ ጋኔኑ በአፏ ጮኸ። ይርገዱ ወደቀች። ትንሽ ቆይታ ቀና አለችና ባሏን አይታ «ቸኮል፣ ራበኝ» አለችው። ሰውየው እንደ ሕፃን አለቀሰ። መንደሩ በእልልታ ቀለጠ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የመንደሩ ጭቃ ሹም ውባንተ ግን እጃቸውን አነሡ።

«መውጣቱንስ ወጣ። ወዴት ሄደ?»

እልልታው ቀጥ አለ።

«ጌታ ወዳዘዘው ነዋ!» አሉ መምሬ።

«ጌታማ ያዝዛል፤ እኔ የምለው፣ መንገድ ላይ ቢደክመው የማን ቤት ይቀርበዋል? የእኔ!»

መምሬ ሣቁ። «ውባንተ፣ እግዚአብሔር ያባረረውን አትፍራ» አሉና በማግስቱ ሁዳዴን ሊጾሙ ወደ ገዳም ሄዱ።

እሳቸው ዞር ከማለታቸው ሸንጎ ተቀመጠ። አንዱ በሩን በድርብ መወርወሪያ መዝጋቱን ተናገረ፤ ሌላው ጋኔኑ ከብቶቹ ጋር እንዳያድር ፈራ። በመጨረሻ ጭቃ ሹም «ቤት ያጣ ነው የሰው ቤት የሚገባ። የራሱ ቤት ይሠራለት» አሉ። ሁሉም «እውነት ነው!» አለ።

እንጨት ተቆረጠ፤ ጭቃ ተረገጠ፤ ከወንዙ ዳር አንድ ጎጆ ቆመ። በሩን ወደ ወንዙ ሲያዞሩት፣ ማዶ ያሉት የጨረቻ ሰዎች ዱላ ይዘው መጡ።

«ጋኔናችሁን ወደ እኛ ልታስወጡት ነው? በሩን አዙሩ!»

የወይናምባ ሰዎች ደግሞ ወደ ራሳቸው እንዳያዞሩት ፈሩ። ደም ሊፋሰሱ ሲሉ አንድ ሽማግሌ ገላገሏቸው፦ «በሩ ወደ ላይ ይሁን። ከሰማይ የተጣለ ነው፤ ከላይ መግባት ያውቅበታል።» ጣራው ላይ በር ተተወ፤ መሰላልም ቆመ።

የበልግ ካፊያ ሲጥል ደግሞ አዲስ ጭንቀት መጣ፤ «በስብሶ ቢቆጣስ?» በሩ ሲቀር ጣራውን ሳር ከደኑለት። ተርቦ እንዳይወጣ ሌማት ያወርዱለት ጀመር።

«ጾም ነው፤ ሥጋ አይሰጠውም» አለች አንዲት ሴት።

«ጋኔን ይጾማል እንዴ?»

«እሱ ባይጾምም እኛ አናርድም!»

ስለዚህ ሽሮ ሆነ። ማለዳ ማለዳ ሌማቱ ባዶ ሆኖ ሲገኝ የሰዉ አክብሮት ጨመረ። በአምስተኛው ሳምንት «እሱ» ማለት ቀርቶ «እሳቸው» ይባል ጀመር። በዚያ በኩል የሚያልፍ ሁሉ ጋቢውን አስተካክሎ እጅ ይነሣል።

አንድ ቀን ጭቃ ሹም ሰው አስከትለው ይርገዱ ቤት መጡ።

«እህቴ፣ ዐሥራ አንድ ወር አብራችሁ ኖራችኋል። ጠባያቸውን የምታውቂ አንቺ ነሽ። ጨው ይወዳሉ?»

ይርገዱ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ቸኮል የሽመና መወርወሪያውን ጥሎ ተነሣ፤ «ውጡ ከቤቴ!»

«አትቆጣ። ለመዷት ብለን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሌማቱን እሷ ብታደርስ...»

ይርገዱ የባሏን ክንድ ያዘች። ፊቷ ገርጥቶ ነበር፤ ግን ማፈግፈጓን ተወች። «አደርሳለሁ» አለች። ሌማቱን ሳትይዝ ባዶ እጇን ወጣች።

መንደሩ ሁሉ ከሩቅ ተከተላት። ጎጆው ጋ ስትደርስ እንደገና ፍርሃት ያዛት። አማተበች። «እኔን ያዳነኝ አምላክ እዚህም አለ!» ብላ መሰላሉን ወጣች። በጣራው በር አንገቷን ስታስገባ ውስጡ ተተረማመሰ። አንዲት ጦጣ ልጇን አዝላ፣ አፏ ሽሮ እንደተቀባ፣ በትከሻዋ ላይ ዘልላ ወጣች።

ሕዝቡ እየተረጋገጠ ሸሸ። ጭቃ ሹም ውባንተ መሮጥ ቢያቅታቸው በግንባራቸው ተደፉ። «ጌታዬ! ጨው የበዛው በእኔ ጥፋት አይደለም!» ጦጣዋ በጀርባቸው ላይ ተረማምዳ ዛፍ ላይ ወጣች።

ይርገዱ መሰላሉ ላይ ተቀምጣ ሣቀች። ከታመመች ጀምሮ ስትሥቅ ማንም አልሰማትም ነበር። ቸኮልም ከታች ሆኖ ሣቀ። ሌላው ግን አንገቱን ደፋ።

የመንደሩ አሮጊት መነኩሲት እማሆይ ጠጅቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ዘግይተው ደረሱ። ጎጆውን ዞረው አዩት፤ ልስኑን ዳሰሱት፤ አዲሱን ክዳን ቀና ብለው ተመለከቱ። ከዚያ መሬት ላይ ወደተደፉት ጭቃ ሹም ዞረው እንዲህ አሉ፦ «አይ የእኛ ነገር! እግዜር ላባረረው ሰይጣን ሰው ጎጆ ይቀልስለታል።»