ለገቴ ዋስ የጠፋበት ቀን

አንድ ንጉሥ የተበደለ ሁሉ አቤት የሚልበት ቤት አሠራና ሰባት ሰሚዎች ሾመበት። ቀለባቸው ከግምጃ ቤቱ ይሰፈር ነበር። የቤቱ ሥርዓት አንድ ነው፦ ከሰባቱ አንዱ የተበዳዩን እጅ ይዞ «ዋስህ ነኝ» ካላለ አቤቱታው ንጉሡ ዘንድ አይደርስም። አቤት የቤቱ ዝና! ባሕር ተሻግሮ ይወራ ነበር።

ከሰሚዎቹ አንዱ ገቴ የሚባል ቤተ እስራኤላዊ ቀጥቃጭ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ርስቷን ለተቀማች መበለትም፣ ሸቀጡን ለተዘረፈ ሙስሊም ነጋዴም ዋስ ሆነ። የማን ወገን ነህ ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

አንድ ክረምት በእህቱ መንደር ከብት አለቀ። ሰዉም «አይሁዶቹ ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው በሉብን» ብሎ የእህቱን ቤትና ጸሎት ቤታቸውን አቃጠለ። ገቴ ከሰሚነት ወንበሩ ተነሥቶ ከአቤት ባዮች ተርታ ቆመና እጁን ዘረጋ። ስድስቱ ባልደረቦቹ እጃቸውን ኩታቸው ውስጥ ሸሸጉ።

«ገቴ፣ አንተማ የእኛው ነህ» አለ የሰሚዎቹ አለቃ። «የወገኖችህ ነገር ግን ይለያል። ሰው መቼም ዝም ብሎ አይጠላም።»

«ለመበለቲቱ ስቆም ምን አድርገሽ ነው ብያት ነበር?»

አለቃው ቀጣዩን አቤት ባይ ጠራ። ዘጠኝ ዓመት ከእነሱ ጋር ከአንድ ገበታ በልቷል። እሳቱን ከለኮሱት ይልቅ የእነዚህ እጅ መሸሸግ አንገበገበው።

ዓመቱ ሲያልቅ ንጉሡ ቀለብ ሊሰጥ መጣ። አለቃው «ለሦስት መቶ ተበዳዮች ዋስ ሆነናል» ሲል፣ ንጉሡ ገቴን ከአቤት ባዮች ተርታ አየው።

«አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«ዋስ አጥቼ ነው ጃንሆይ» አለና የሆነውን ሁሉ ነገረው።

ንጉሡ አፈረ። ሲሰጥ ኖረ እንጂ «ለማን አልቆማችሁም?» ብሎ አንድም ቀን አልጠየቀም። «በደሉ የእኔም ነው» አለና ቤቱ እንዲዘጋ አዘዘ።

«አይዝጉት ጃንሆይ» አለ ገቴ። «ነገ የሚመጣው ተበዳይ የት ይሂድ? ብቻ ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁ።»

ንጉሡ ትእዛዙን ሽሮ ከመቀመጫው ወረደ፤ እጁንም ይዞ ዋስ ሆነለት፤ የተቃጠለውም እንዲሠራ ታዘዘ። ገቴ ሲወጣ ወደ ስድስቱ ዞር ብሎ ጠበቀ። አንዳቸውም አልተነሡም። ንጉሥ ዋስ ሆኖለት፣ ጓደኛ አጥቶ፣ ብቻውን ወደ ቤቱ ሄደ።

ወዳጄ፣ ለሰው ሁሉ እቆማለሁ የሚል ቤት አንድን ሕዝብ ከሰው ቁጥር ካወጣ፣ ለማንም አልቆመም። እየሰጠ የማይጠይቅም የበደሉ ተካፋይ ነው። አንተስ ከስድስቱ ጋር ተቀምጠህ ቢሆን ትነሣ ነበር?