የመሪጌታ ይትባረክ ሽሮ

ሰዎች ወፍራምን ከቀጭን ባነጻጸሩ ቁጥር የሚተርቷት አንዲት ተረት ሥጋ ቤት ደጃፍ የተወለደች ፌዝ ትመስለኝ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ የተወለደችው ሥጋ በማይነካበት ወቅት፣ በሁዳዴ፣ ያውም በደብተራ ጓዳ ውስጥ ነው።

መሪጌታ ይትባረክ በመንዝ ብርዳማ አፋፍ ላይ ያለ ደብር የዜማ መምህር ነበሩ። እግዚአብሔር ድምፅ ሲሰጣቸው ማስቀመጫውንም አብሮ ሰጥቷቸው ኖሮ፣ ቅኔ ማኅሌት ሲገቡ የሁለት ሰው ቦታ ይለቀቅላቸዋል። ጾም ሲገባ አገሩ ሁሉ ሲከሳ፣ የእርሳቸው ሰውነት አዋጁን የሰማ አይመስልም ነበር። በማዕርግ የሚከተሏቸው ግራ ጌታ ስንሻው ግን ከመቋሚያቸው የሚለዩት በጥምጥማቸው ብቻ ነው። ምእመናን አጥንታቸውን እያዩ «ጻድቅ» ይሏቸዋል፤ እርሳቸውም ቅጥነታቸውን እንደ ሹመት ካባ ለብሰውት ይዞራሉ።

ጾሙ ሲጋመስ ግራ ጌታ ለደብሩ አለቃ ለአባ ዘውገ ክስ አቀረቡ።

«መሪጌታ ቅቤ ይበላሉ። ምስክሬ ቦርጫቸው ነው።»

ክሱ ከጸና መሪጌታ ከመምህርነት ወንበራቸው ይነሣሉ፤ የትንሣኤውንም ማኅሌት ግራ ጌታ ይመራሉ። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም፤ ከቁጣ የከፋ ነገር መጣባቸው፤ ራሳቸውን ተጠራጠሩ። «ተኝቼ፣ ሳላውቀው እበላ ይሆን?» እያሉ ቦርጫቸውን እንደ ባዕድ ዕቃ ዳሰሱት። ሰው የገዛ ሆዱ ከከዳው አቤት የሚለው ለማን ነው?

በማግስቱ ረፋድ አለቃ ከሳሹን አስከትለው መጡ። ዕድሜ ፍርሃትን ያስረሳቸውን መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ኪሮስንም ለምስክርነት ይዘው ነበር። ጓዳው ሲከፈት፣ ማታ ተሠርቶ ያደረ ሽሮ በቀዘቀዘው ምድጃ ላይ ድስቱን ሞልቶ ተቀምጧል።

«ያውና!» አሉ ግራ ጌታ። «ፊቱ ሲያብለጨልጭ አያዩም?»

«የኑግ ዘይት ነው፣ አባታችን» አሉ መሪጌታ፤ ያ ደብር የሚያናውጥ ድምፅ እንደ ሕፃን ቀጥኖ።

«እሱን ምላስ ይፍረደው!» ግራ ጌታ ጣታቸውን ነክረው ላሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደግመው ነከሩ። «ቅቤ ነው! ያውም ንጥር፣ ኮረሪማ የገባበት!»



«ስንሻው» አሉ እማሆይ በዝግታ፣ «ገና ረፋድ አይደለም እንዴ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ በማይቀመስበት ቀን ሽሮ ላስህ?»

«ለምስክርነት እኮ ነው፣ እማሆይ!»

«የመጀመሪያው ለምስክርነት ይሁንልህ። ሁለተኛውስ?»

አለቃ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እማሆይም ድስቱን ወደ ራሳቸው ስበው አዘነበሉት፤ ዘይቱ በከንፈሩ ተንሸራቶ አመዱ ላይ ተንጠባጠበ።

«በዚህ ብርድ ያደረ ቅቤ እንደ ጧፍ ይደርቃል። ይህ ግን ይኸው፣ እንደ ውሃ ይፈሳል። ለመሆኑ በሁዳዴ የንጥር ቅቤን ጣዕም ማን አስታወሰህ?»

መሪጌታ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ጓዳው ጠበበ። ግራ ጌታ ግን እጅ አልሰጡም። መቋሚያቸውን ወደ መሪጌታ ቦርጭ ቀስረው፣ «ታዲያ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? ሽሮና ጎመን ሰውን እንዲህ ያደርጋል?» አሉ።

አለቃ ክሱን ውድቅ አድርገው፣ መሪጌታ በወንበራቸው እንዲጸኑና የትንሣኤውን ማኅሌት እንዲመሩ፣ ግራ ጌታም ጾም ስለገደፉ በስግደት ንስሐ እንዲገቡ ወሰኑ። ያልተመለሰውን ጥያቄ የመለሱት ድስቱን የከደኑት እማሆይ ናቸው፦

«ልጄ፣ ሥጋ ቢያወፍር ጅብ ዝሆንን ባከለ።»